የባሕር እግር

አርባ ዓመት ከባሕር ተጋፍቼ ኖርኩኝ፣
ከጀልባ ያነሰ ሳልመለከት ሸበትኩኝ።
ዓሣው በሣጥን ነው፣ ማዕበሉ በጣሪያ፣
እንዲህ ነበር የእኔ የዓለም መለኪያ።

ጉልበቴ ሲከዳኝ ጀልባዬን ሸጥኩና
(ኒዬብላ ላይ መቼም ዝናብ አይጠፋና)
መስኮት ዳር ቁጭ ብዬ ጠብታ ስቆጥር፣
ያስና ከች አለች፣ ካሜራ ብብቷ ሥር።
«አጎቴ ኤልቪዮ፣ ተነሥ እስኪ እንውጣ፣
ሳታየው ስንት እንግዳ ጓሮህ ውስጥ መጣ!»

የእህቴ ልጅ ናት፣ ቫልዲቪያ ላይ ነፍሳት የምታጠና፤
ጉንዳን ላይ ብትቆም «ይቅርታ» ትላለች፣ እንዲህ ናት ያስና።
ገንዘብ አላወጣንም። ሌንሱን ነቅላ ገለበጠችው፣
ፊቱን ወደ ኋላ አዙራ በጥቁር ፕላስተር አጣበቀችው።
የቺፕስ ቆርቆሮ ቆርጣ ለፍላሹ ቧንቧ ሠራችለት፣
አፉን በሶፍት ወረቀት ሸፈነችለት፤
«ደረቅ ብርሃን» አለች «ጥንዚዛን መስተዋት ያደርጋል፣
ለስለስ ሲል ነው ገላዋን የሚገልጥ።» ይሁን፤ እኔን ምን ቸገረኝ፣ ይገባኛል።

ከዚያ ሕጉን ነገረችኝ፤ ሕጉ ጭካኔ ነው፦
ጥርት የሚለው ስፍራ ከምላጭ የሳሳ ነው።
ዓይኑ ከጠራልህ እግሩ ጭጋግ ይሆናል፣
እግሩን ከያዝክ ደግሞ ዓይኑ ይሰወራል።
«ምረጥ» አለች። «የቱን?»
«ዓይኑን ነዋ፣ ዓይኑን!»

በማግስቱ ወጣሁ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ብርዱ ሳይለቃቸው፤
ፀሐይ ካሞቀቻቸው ማን ሊደርስባቸው!
የቺልኮው ቁጥቋጦ ቀይ አበባ አንጠልጥሎ፣
ግንዱ ላይ ሸረሪት፣ የሰናፍጭ ፍሬ አክሎ፤
ከስምንት ዓይኖቹ ሁለቱ የመርከብ ፋኖስ ናቸው፣
የሌሊት ወደብ መስለው ገመገሙኝ፤ እኔም አየኋቸው።
ተንበርክኬ ሲያየኝ ኦያርሱን፣ ያ ጎረቤቴ፣
«ንስሐ ገባህ እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ አልመለስኩም፣ ተይዟል አንገቴ።

ትንፋሼን ዋጥኩ። አነጣጠርኩ። ግን ይኼ የእኔ እግር
መሬት ላይ ቆሞም ይወዛወዛል፤ ምን ላድርግ፣ የባሕር!
ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፤
ስልሳ ሁለት ፎቶ፣ ስልሳ ሁለት ጉም፣ የለም ሌላ።
አንዱ ጀርባው ብቻ፣ አንዱ ባዶ ቅጠል፣
አንዱ አውራ ጣቴ ነው፣ ተራራ የሚመስል።
ኒዬብላ በቋንቋችን ጉም ማለት ነው፤ «መቼስ» አልኩ፣ «ለጉም መንደር የጉም ሥዕል።»

«እግሬን እሰሪልኝ» አልኳት ያስናን፣ «ወይ መቆሚያ ግዢ።»
ሳቀች።
«ቀለበቱን አትንካው፤ መወዛወዝህን ተጠቀምበት፣
ስትሄድ ስትመጣ ዓይኑ ይጠራል፤ ያኔ ተጫንበት።
ወንዙ አፍ ላይ እንዴት ነበር የምትገባው?»

እንዴት ነበር? ሞገዱ የበረታ ዕለት፣ ገና ሲመሽ፣
በግንባር አንገጥመውም፤ ቆመን እናየዋለን ሲነሣና ሲሸሽ፤
ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ ከዚያ በሁለቱ መካከል
አንዲት ጠባብ በር አለች፣ ለቅጽበት እሺ የምትል።
ያኔ ነው ነዳጅ መስጠት።

በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ተንበረከክኩ።
ሸረሪቱ አልሸሸም፤ ፋኖሶቹን ደቅኖ ይጠብቃል።
ሰውነቴን ለቀቅኩት። ይሄዳል፣ ይመለሳል፤
ጉም፣ ጉም፣ ጢም የመሰለ ፀጉር፣ ጉም፣ ደግሞ ጉም፣
ዓይን!
ጣቴ ከእኔ ቀደመ፤ ድምፁን እንኳ አልሰማሁትም።

ስልሳ ሦስተኛው። ፍጹም አይደለም፤ የኋላ እግሩ ተቆርጧል፣
አበባው ጥግ ላይ ቀይ ጭስ መስሎ ቀርቷል።
ግን ፋኖሶቹ በርተዋል፤ ከግንባሩ በላይ
ከፀጉሩ ጫፍ አንዲት ጠብታ፣ ውስጧ የተገለበጠ ሰማይ።
ስንቷን ቆጠርኩ በመስኮት፣ አንዷንም በውል ሳላይ።

ኦያርሱን በአጥሩ ላይ ፎቶውን አየና
ለቀልድ የከፈተውን አፉን ዘጋና
ጉልበቱን እያሻሸ ቆየ።
«እንደው... እኔ ጋስ ይኖራል?» አለ።